ያ የሚያጎብጠው

በኔዋላ አምባ ላይ ምንጭ የሚባል የለም።
ሩቩማ ከታች ነው፤ ወርዶ ቀድቶ መውጣት፣ አንድ ጀንበር አይበቃም።
ስለዚህ ሴቶቹ፣ ከሣሩ ክዳን ሥር እንስራ ደርድረው፣
የዝናቡን ጠብታ እንደ ሳንቲም ቆጥረው፣
ለበጋ ያኖራሉ በጓዳ አሳድረው።
ትንኝም ይህን ታውቃለች፤
ከእንስራው አፍ ገብታ
ከከረመው ውሃ ድርሻዋን ትወስዳለች።

እኔ ያን ጊዜ አስተርጓሚ ነበርኩ፣ ከሊንዲ የመጣሁ፣
እርሳሴን ከጆሮዬ ኋላ የሰካሁ፤
የማኮንዴን ነገር በስዋሂሊ ቀድቼ፣
ለፈረንጁ ሐኪም በቋንቋው ገልብጬ፣
ከእንስራ ወደ ቅል፣ ከቅል ወደ ኩባያ።
በየመሃሉ የፈሰሰውን ግን
ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም አልቆጠርኩም።

በዚያ ዓመት ክረምት መንደሩ በአንድ ሳምንት አረጀ።
ማታ ከበሮ ሲደልቅ ያመሸው ዳዲ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣
ጧት በአራት እግሩ ድሆ ወጣ፣ ሊነሣ ቢል ሳይነሣ።
ትኩሳቱስ በሦስት ቀኑ ለቀቀው፤
አንጓው ግን እንደ ዛገ ማጠፊያ እየጮኸ
ጨው ለመቆንጠር እንኳ የገዛ ጣቱን ለመነ።
የሞተ ብዙ የለም።
ቀጥ ብሎ የቆመም የለም።

«ስሙን ጠይቅልኝ» አለ ሐኪሙ፣ መነጽሩን እየወለወለ።
ጠየቅሁ።
ሶሞዬ፣ ከላይኛው ከንፈሯ የእንጨት ክብ የሰካች፣
ቶሎ አልመለሰችም፤ ወደ ማገዶው ክምር እያነከሰች ሄደች።
አንድ ጭራሮ መዘዘች።
«ስቆርጠው ቀጥ ያለ ነበር። ይኸው፣ ምን ሆነ?»
«ደረቀ።»
«ሌላስ?»
«ተጣመመ… ተኮራመተ።»
«እህ» አለች፣ «እኛም ይኸው ሆንን። ለዚህ ደግሞ ስም ፍለጋ!»
ከዚያ ቃሉን ጣለችው፣ እንደ ዋዛ፣
የበሽታ ስም ሳይሆን፣ የእንጨት ወሬ፣
ፀሐይ የመታው ግንድ የሚነገርበት።

ቺ። ኩን። ጉን። ያ።
ፊደል በፊደል ለቅሜ አሰፈርኩት።
«ትርጉሙ?»
«ያ የሚያጎብጠው» አልኩት።
እርሱም በደብተሩ ጻፈ፣ ከሥሩም አሰመረ።
ጭራሮው ፈሰሰ። ፀሐዩ ፈሰሰ።
«እህ» ያለችው ደግሞ፣ የሚጻፍበት ፊደል አጣሁለት።

ቀራጩ ናምቡንጋ በሁለተኛው ወር መጥረቢያውን መጨበጥ ቻለ።
ከዞጲ ግንድ ላይ አንድ ሰው አወጣ፣
ጉልበቱ ከጆሮው ያለፈ፣
አከርካሪው እንደ መንጠቆ የታጠፈ።
ከወደብ የመጣ ነጋዴ አየውና፣ «ሰይጣን ነው?» አለ።
«አይ» አለ ናምቡንጋ፣ «ማክሰኞ ነው።
የያዘኝ ቀን።»
ነጋዴው ሳቀ፤ ዋጋ ጨመረለት።

ቃሉ ግን ከአምባው ወረደ፤
ጎባጣው ቃል ቀጥ ብሎ ተራመደ።
በመርከብ ሆድ ውስጥ፣ በአውሮፕላን ክንፍ፣
ከደሴት ደሴት፣ ከከተማ ከተማ፣
ማኮንዴ የሚባል ሕዝብ መኖሩን ያልሰማ
ሁሉ በየአፉ እያላመጠ
ጉልበቱን ይዞ ይጠራው ጀመር።

ዘንድሮ አንድ ወጣት መጣ፣ ከጤና ቢሮ፣
ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ በሞተር ብስክሌት፣ አቧራ ተሸክሞ።
«እንስራችሁን ክደኑ» አለ፣ «ቺኩንጉንያ የሚሉት በሽታ ከውጭ አገር ገብቷል!»
ሶሞዬ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ ነው።
ልጅዋ፣ ክዳን በእጇ፣ «የማን ቋንቋ ነው?» አለችው።
ልጁ ራሱን አከከ።
«የላቲን መሰለኝ።»

ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር፣ እኔም ጎብጬ፤
በበሽታ አይደለም፣ በዕድሜ ብቻ።
ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤
በየትኛው ቋንቋ እንደምጀምር ጠፋኝ።
ተነሣሁ፣ ቀስ ብዬ፣
ከማገዶው ክምር አንድ ጭራሮ መዘዝኩ።